አልታየም እንጂ የለም አይባልም

አዳዳ ወርቄ ጡረታ በወጣች ዕለት ከሆስፒታሉ ይዛ የመጣችው አንድ ፌስታል ነው። ውስጡ የታጠበ ነጭ ጋዋን፣ የሥራ ነጠላ ጫማ፣ በሶፍት የተጠቀለለ የመሸኛዋ ኬክ ቁራጭ፣ እና ባለ አምስት ቁልፍ የሕዋስ መቁጠሪያ ነበረ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ሦስት ቀን ሙሉ እንደዚያው ነበረች። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሰው ሲጠይቃት «ደክሞኛል» ትላለች። ሠላሳ አራት ዓመት ያልተናገረችውን ድካም በሦስት ቀን ተናግራ ልትጨርሰው የፈለገች ይመስል ነበር።

አዳዳ የአባቴ እኅት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ሥራዋ ላቦራቶሪ ነው፤ የሰው ደም ስላይድ በሚሉት ቀጭን ብርጭቆ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት። ታካሚዎች ጋዋኑን ስለሚያዩ «ሲስተር» ይሏታል። ልጅ እያለች «ሲስተር አይደለሁም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ» ትል ነበር። ኋላ ላይ ተወችው። ለማስረዳትም ጉልበት ያስፈልጋል ትላለች።

በአራተኛው ቀን ጠራችኝ።

«ሲፈን፣ አንቺ መጻፍ ትወጃለሽ አይደል?»

መውደድ ብቻ አይደለም። ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ የሱቅ ዝርዝር እንኳ አሳምሬ ነው የምጽፈው። ባለፈው «ሁለት ኪሎ የሚያስለቅስ ሽንኩርት» ብዬ ጽፌ ባለሱቁ ጮክ ብሎ አነበበብኝ።

«የላቦራቶሪው ኃላፊ ለአዲሶቹ ልጆች ሁለት ገጽ ትዝታ ጽፈሽ ተይልን ብሎኛል» አለች። «ዓይኔን ሞራ ስለጋረደው ፊደሉ ይደበላለቅብኛል። እኔ ላውራ፣ አንቺ ጻፊ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት በሁለት ገጽ?»

«አታስረዝሚው። የሚያነቡት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ደክሟቸዋል።» ከዚያ ጨመረች። «የወንጂውን ሰውዬ ግን አንጽፍም።»

«የቱን የወንጂ ሰውዬ?»

«አንጽፍም አልኩሽ እኮ።»

ሁለት ገጽ አልሆነም፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የወንጂው ሰውዬም አልቀረም። እንዴት እንዳልቀረ በቦታው እጽፋለሁ።

የመጀመሪያ ምድቧ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ የቡልቡላ ጤና ጣቢያ ነበር። የምደባ ደብዳቤዋ ላይ ስሟ ተሳስቶ ስለተጻፈ ሁለት ሳምንት ከቢሮ ቢሮ ተንከራታለች። ስለ ወረቀት የነገረችኝ ይህንንና የጡረታውን ፎርም ብቻ ነው፤ ሁለቱንም «ይለፍ» ብላኛለች። ጤና ጣቢያው አንዲት የላቦራቶሪ ክፍልና አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው። መብራት ሲጠፋ ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮት አስጠግታ በሥሩ ባለው መስተዋት የፀሐይ ብርሃን ትቀበላለች። የምትፈልገው ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ነው፤ ወባ።

ደሙ ሁሉ ግን ሰማያዊ እየሆነ አስቸገራት። ደም በማይክሮስኮፕ የሚለየው ሲቀለም ነው። ጊምሳ የሚባለው ቀለም በውኃ ይበጠበጣል፤ ውኃው ደህና ከሆነ ቀዩ ሕዋስ ሮዝ፣ የነጩ ሕዋስ አስኳል ሐምራዊ ይሆናል። የስምጥ ሸለቆው ውኃ ግን ጥርስ የሚያበልዝ ውኃ ነው፤ ቀለሙንም አይምረውም። ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ። «አንድ ወር ሙሉ የሰው ደም ሳይሆን የአብጃታን ሐይቅ ነው ያየሁት» ትላለች። የእጇ ጥፋት መስሏት ፊቷን በጋዋኗ ሸፍና ታለቅስ ነበር።

ያወጧት ጋሽ ቱሉ ናቸው። ጋሽ ቱሉ ሐይቅ ዳር ባለችው ባቱ ከተማ የሚሠሩ አንጋፋ የላቦራቶሪ ሰው ነበሩ፤ በወር አንዴ የአካባቢውን ጤና ጣቢያዎች እየዞሩ ያያሉ። አንዱን ስላይድ አዩት፣ ሁለተኛውን አዩት። «ጫማሽን አድርጊ» ብቻ አሏት። አውቶቡስ ላይ አሳፍረው ባቱ ወሰዷትና ከላቦራቶሪው ጀርባ የተቀመጠ ቢጫ ጄሪካን አሳዩዋት። ከጣሪያው አሸንዳ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነው። በቀለም «የደም ውኃ ነው፣ አይጠጣም» ተብሎ ተጽፎበታል።

«እጅሽ ደህና ነው» አሏት። «ውኃሽ ነው የታመመው።»

ከዚያ በኋላ ወደ ባቱ ተዛወረችና ሰባት ዓመት አብራቸው ሠራች። «ሥራውን ያወቅኩት እዚያ ነው» ትላለች፤ «ትምህርት ቤት ስሙን ነው ያስተማሩኝ።»

ጋሽ ቱሉ የሚሉት ቃል «ሱታ» ነው፤ ቀስ። አንድ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ፤ ሌላ ስላይድ ጋደል አድርጎ ጠብታዋን መንካት፤ ደሙ በጠርዙ እስኪሮጥ መጠበቅ፤ ከዚያ ሳይቆሙ ወደፊት መግፋት። ጫፉ እንደ ምላስ መሳሳት አለበት፤ ሕዋሶቹ ሳይደራረቡ የሚታዩት እዚያ ስሱ ላይ ነው። ለማድረቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ባቱ አሣ ከሚጸዳበት ዳር የሚመጣ ዝንብ ያልደረቀ ደም ካገኘ ልሶ ይጨርሰዋል። ጋሽ ቱሉ ስላይዶቹ ላይ ወንፊት ይደፉ ነበር።

«የቤቴ ወንፊት ነው» ይሏታል። «ሚስቴ ሦስተኛ ገዝታለች። ባሌ ዱቄት አይወድም፣ ወንፊት ይሰርቃል ብላ ለጎረቤት ታወራለች።»

ከሁሉ የምትወድላቸው ልማድ ግን በሩ ነው። አይተው ሲጨርሱ ወዲያው አይጽፉም። ከወንበራቸው ይነሣሉ፣ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ሐይቁን ሩቅ ሩቅ ያያሉ። ሰው «ጋሼ ማንን እየጠበቁ ነው?» ይላቸዋል። ዓይናቸው ካረፈ በኋላ ተመልሰው አንድ ጊዜ ደግመው ያያሉ፤ ከዚያ ነው የሚጽፉት። «ዓይን መዋሸት የሚጀምረው ሲደክመው ነው» ይሉ ነበር። «ሲደክመው ደግሞ መድከሙን አይነግርሽም።»

አንድ ቀን አዳዳ ውጤት ላይ «ወባ የለም» ብላ ጻፈች። ጋሽ ቱሉ ወረቀቱን ይዘው ቁጭ አሉ።

«ደሙን ሁሉ አየሽው?»

«አንድ ጠብታ ነው ያየሁት።»

«የቀረውስ የት ነው?»

«ሰውየው ውስጥ።»

«ታዲያ ሰውየው ውስጥ ገብተሽ ኖሯል?»

አዳዳ ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም። «ወርቄ፣ ሂን ጂሩ የዋቃ ቃል ነው። የኛ ቃል ሂን አርጊኔ ነው» አሏት። የለም ማለት የፈጣሪ ነው፤ እኛ ማለት የምንችለው አላየሁም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አልታየም» ብላ ትጽፋለች። ባቱን ስትለቅ ጋሽ ቱሉ የራሳቸውን መቁጠሪያ ሰጧት፤ በፌስታሉ የመጣው እሱ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ለአንድ ዓይነት ነጭ ሕዋስ ነው፤ መቶ ሲሞላ ቅጭል ብሎ ይደውላል።

ከባቱ በኋላ ዓለም ጤና ወደምትባለው ከተማ ሄደች። ስለ ዓለም ጤና አጭር ጻፊ ብላኛለች። የሽንኩርት ገበሬዎቹ ጣት ከመጠንከሩ የተነሣ መርፌው ይታጠፍ ነበር። አንዱ ገበሬ «ከጣቴ ደም ካወጣሽ ግማሹን ሽንኩርት ላንቺ» ብሎ ተወራርዷት ከጆሮው ጫፍ ቀዳች። ሽንኩርቱን አልሰጣትም፤ «ጆሮ አላልንም» አለ።

ከዚያ አዳማ። እዚህ ትልቅ ሆስፒታል ነው፣ ሰልፉም ትልቅ ነው፣ ማሽንም መጣ። እሷ መቶ ሕዋስ ቆጥራ ሳትጨርስ ማሽኑ ሺዎቹን ቆጥሮ ወረቀት ያወጣል። ትጠላው እንደሆን ጠየቅኳት። «ለምን እጠላዋለሁ? አይደክመውም። ጥሩነቱም መጥፎነቱም እሱ ነው። ያልደከመው ሰው በር ላይ ወጥቶ ሩቅ አያይም» አለች። ማሽኑ የተጠራጠረውን ስላይድ የምታየው እሷ ነበረች። የደም ካንሰርን አዘውትራ ያየችውም እዚህ ነው።

እንዲህ አስረዳችኝ። ነጭ የደም ሕዋስ የሚወለደው መቅኔ ውስጥ ነው። አድጎ ሲጨርስ ወደ ደም ይወጣል። «ልክ እንደ ትምህርት ቤታችሁ፤ ጨርሶ በበሩ የሚወጣው አሥራ ሁለተኛ ነው። ይህ ሕመም ሲኖር ግን ስላይዱን ስታዪ መዋዕለ ሕፃናቱም፣ ሦስተኛ ክፍሉም፣ ስምንተኛውም መንገድ ላይ ወጥቶ ታገኚዋለሽ።» እነዚህን ሁሉ የሚወልዱ ጥቂት ሕዋሶች አሉ፤ ግንድ ሕዋስ ይሏቸዋል፤ እሷ ግን አንድ ሴትዮ ይመስል «እናቲቱ» ትላቸዋለች። እናቲቱ መቅኔ ውስጥ ተሸሽጋ ትተኛለች። በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን ልጆቿን ያጠፋል፤ እሷ ግን ተኝታ ስለሆነ ብዙም አይነካትም።

«ሰውነት ጥበቃ የለውም እንዴ?» አልኳት። ይህን በባዮሎጂ ተምሬ ስለነበር መልሱን አውቄ ነው የጠየቅኳት።

«አለው። የሆስፒታላችንን ጥበቃ አስቢ። አንድ ጊዜ አንዱ ጠያቂ ያለ ሰዓቱ ሊገባ ብሎ ከዘመዱ ነጭ ጋዋን ተውሶ ለበሰ። ጥበቃው ተነሥቶ "ዶክተር እንዴት አደሩ" ብሎ በሩን ከፈተለት። ዶክተር የተባለው ሰውዬ በእጁ የገንፎ ሳህን ይዟል።»

እናቲቱም እንደዚያ ናት አለች። በደምና በመቅኔ እየዞረ የማይረባውን ሕዋስ የሚውጥ በላተኛ የሚሉት ጥበቃ አለ። እናቲቱ ቆዳዋ ላይ «አትብላኝ» የሚል ባጅ ታንጠለጥላለች። በላተኛው ይመጣል፣ ይዳስሳታል፣ ባጁን ያያል፣ ይለፉ እመቤቴ ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ጥበቃ ገዳይ ነው። የታመመ ሕዋስ ቆዳው ላይ የጭንቅ ምልክት ስለሚያወጣ ገዳዩ በዚያ ያውቀዋል። ከእናቲቱ ወገን አንዳንዷ ምልክቱን አውልቃ ትቀመጣለች። ሦስተኛዎቹ ጠላትን ፊቱን ለይተው የሚያውቁ ናቸው። እነሱስ ያውቋታል፤ ግን ለረጅም ጊዜ ሲታገሉ ይዝላሉ። አጠገቧ ቆመው እጃቸውን አያነሡም።

«በሳይንሱም ስማቸው የዛሉ ነው» አልኳት፤ ስልኬ ላይ አንብቤው ነበር።

ጡረታ ከወጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። «ጻፊው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገለች ሕዋስ ብለሽ።»

ቀጥላ ግን እንዲህ አለች። «ሁልጊዜ አይሸነፉም። ኪኒኑ ልጆቹን ካሳነሰላቸው ጥበቃዎቹ ነፍስ ይዘራሉ። አንዳንድ ሰው ላይ የቀረችውን እናቲቱን ከበው ይይዟታል። ሐኪም እየተቆጣጠራቸው ኪኒኑን አቁመው ደህና የሆኑ አሉ። የትኛው ሰው ላይ እንደሚይዟት፣ የትኛው ላይ እንደሚለቋት ግን በእኔ ማይክሮስኮፕ አይታይም።»

ኋላ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም የመቅኔ ስላይድ አሳይቷት ነበር። አንድ ትልቅ በላተኛ አንዲት ትንሽ ክብ ሕዋስ ላይ ተጣብቋል። «ይጨባበጡ ይሁን ይተናነቁ አላወቅኩም» አለችኝ። «ስላይድ ፎቶ ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን አይናገርም። ብዙ ጊዜ አየሁት። የወንጂውን ሰውዬ እያሰብኩ ነበር።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እስክሪብቶው ሲቀመጥ ነው የነገረችኝ።

ስሙ ላምቤቦ ነው። ከደቡብ መጥቶ ወንጂ የቀረ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። ይኸው ሕመም ነበረበት። ኪኒኑን ከአዲስ አበባ ያመጣል፣ የደም ምርመራውን አዳማ ያደርጋል። ሦስት ዓመት ያህል ስላይዱን ያየችለት አዳዳ ናት። መጀመሪያ መንገድ ላይ ወጥተው የነበሩት ሕፃናት እያነሱ፣ እያነሱ ሄዱ። አንድ ቀን መቶ ቆጠረች፣ መቁጠሪያው ደወለ፣ ሁሉም የበሰሉ ናቸው። ወረቀቱ ላይ «ያልበሰለ ሕዋስ አልታየም» ብላ ጻፈች። የዚያን ቀን ሰልፉ እስከ ግቢው ድረስ ነበር፤ በሩ ላይ ወጥታ ሩቅ አላየችም። ደክሟታል፤ ደስም ብሏታል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ሰው የሚሳሳተው ትላለች።

ላምቤቦ ወደ ውጤት መስጫው መስኮት ፊቱን አስጠጋ። «ሲስተር፣ እንዴት ነው?» አላት።

«ነፃ ነው ጋሼ» አለችው። «ደምዎ ነፃ ነው።»

የእኔ እኩዮች ይህ ቃል በዚያ መስኮት ምን ማለት እንደነበረ ላያውቁት ይችላሉ። ሰው ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ ይፈራ በነበረበት ዘመን «ነፃ ነህ» ማለት ሂድና ኑር ማለት ነበር። ቃሉን ሰምቶ ወለል የሳመ ሰው አይታለች። «ነፃ» ከተባለ በኋላ ጥያቄ የለም፤ ቀጠሮ የለም። ላምቤቦም ባርኔጣውን አውልቆ የመስኮቱን ብረት ሳመና ሄደ። ኪኒኑንም አቆመ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ መጣ። ጣፊያው አብጦ ሸሚዙ አይቆለፍም። ስላይዱን ስታይ ሕፃናት ብቻ ናቸው፤ አዋቂ የሌለበት መንደር። መስኮቱ ጋ ቆሞ «ሲስተር፣ ነፃ ብለሽኝ ነበር እኮ» አላት። አልጮኸም። አውቶቡስ ያመለጠው ሰው መነኻሪያ ላይ እንደሚናገረው ነው የተናገረው። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

«ፋይሉን ብታወጪው ጥፋት የለብኝም» አለችኝ። «ወረቀቱ ልክ ነው። አፌ ነው።»

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ቤት ውስጥ «አዳዳ፣ ቅዳሜ ነፃ ነሽ?» ስላት አንድም ቀን «ነፃ ነኝ» ብላኝ አታውቅም። «ሥራ የለኝም» ነው የምትለኝ።

«ይህማ መጻፍ አለበት» አልኳት። «አዲሶቹ ልጆች ማሽኑን ይማራሉ፤ አፋቸውን ማን ያስተምራቸዋል?» ይህችን ዓረፍተ ነገር ስለወደድኳት ደገምኳት።

«ደሙ የእሱ ነው። ሚስቱን ሳልጠይቅ አይጻፍም» አለች። «መጠየቁን ደግሞ ስምንት ዓመት አቅቶኛል።»

«እኔ አብሬሽ ብሄድስ?»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስነሣ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሩቅ ሩቅ ታይ ነበር።

በሚኒባስ ሄድን። ሸንኮራ የጫነ መኪና ከፊታችን እያዘገመ፣ የወደቀውን አገዳ ልጆች እየለቀሙ። የሠራተኞቹ ሰፈር ገብተን «የላምቤቦ ቤት» ስንል አንዲት ሴት በጣቷ አሳየችን። ከሞተ ስምንት ዓመት ቢሆነውም ቤቱ የእሱ ነው።

በሩን የከፈቱት ባለቤቱ እትዬ አስቴር ናቸው። አዳዳን አይተው ጥቂት ቆዩና «የመስኮቷ ሲስተር» አሉ። አዳዳ ሲስተር አይደለሁም አላለችም።

አስገቡን፣ ሻይ ቀዱልን። ለእኔ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጨምሩ «ይበቃኛል» አልኳቸው። «ወንጂ ተቀምጠን ስኳር አንቆጥብም» አሉና አራተኛውን ጨመሩ።

አዳዳ እጇን እያየች ተናገረች። «እትዬ አስቴር፣ ያን ጊዜ ነፃ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ እንደዚያ አይልም ነበር። እሱ ግን የሰማው እኔን ነው። ኪኒኑን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ይህን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

እትዬ አስቴር ብርጭቋቸውን አዞሩት። ውጭ ሸንኮራ የጫነ መኪና አለፈ፤ ሻያችን ተንቀጠቀጠ።

«ላምቤቦ ያውቅ ነበር» አሉ። «አዲስ አበባ ያሉት ዶክተር እንዳታቆም ብለው ሲያስረዱት፣ መጥቶ ለእኔ ያስረዳኝ እሱ ነው። "አስቴር፣ ይኼ በሽታ ጉቶ አለው። እኔ ሸንኮራውን እስከ መሬት ስቆርጠው ማሳው ባዶ ይሆናል። ማንም ሳይተክለው ከጉቶው መልሶ ይበቅላል" አለኝ። ከዶክተሩ የበለጠ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አቆመ?» አልኩ። አዳዳ ጉልበቴን ጫን አደረገችኝ።

«ኪኒኑ ዓይኑን ያሳብጠዋል፣ ልጄ። እጁን ቁርጠት ይይዘዋል። ቆንጮራው ከእጁ ይወድቅ ነበር። ቆራጭ ሆነህ ቆንጮራ ከእጅህ ሲወድቅ ጓደኞችህ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ኋላ መሳቁን ይተዉታል፤ እሱ ይብሳል። ሦስት ዓመት ቻለው። ከዚያ ማቆሚያ ቃል መፈለግ ጀመረ። ፓስተሩን ጠየቀ፤ አልሰጡትም። ዶክተሩን ጠየቀ፤ ተቆጡት። እኔን ጠየቀኝ፤ አለቀስኩበት።» ወደ አዳዳ ዞሩ። «ቃል ሲፈልግ ነበር፤ አንቺ ጋ አገኘው።»

አዳዳ «ባልሰጠው ኖሮስ?» አለች። ድምጿ በጭንቅ ነበር የሚሰማው።

«እኔ እንጃ። ሌላ ሰው ጋ ይፈልግ ይሆናል። ወይ ሲያጣው ይመለስ ይሆናል። ስምንት ዓመት ይኼንኑ ሳገላብጥ ነው የኖርኩት።» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አንቺም ስታገላብጪ ኖረሻል ማለት ነው።»

እኔ ሻዬን ጠጣሁ፤ ጣፋጭነቱ ጉሮሮ ይይዛል። መጻፉን የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ፤ አዳዳ አልቻለችም።

«ጻፊው» አሉኝ። «ግን የወንጂው ሰውዬ አትበይው። ስም አለው።»

ለዚህ ነው ስሙን የጻፍኩት።

ሲሸኙን በተቆረጠ ማሳ ዳር አለፍን። ጉቶዎቹ መሬት ለመሬት ናቸው፤ ቀረብ ብሎ ላየ ግን ጫፋቸው ላይ ጣት የማታህል አረንጓዴ አለች። አዳዳ ጎንበስ ብላ አየች። ሞራው እያለ እንዴት እንደታያት አላውቅም፤ ምናልባት በእጇ ነው ያየችው። እትዬ አስቴር መንገዱ ድረስ መጥተው ሚኒባሱ እስኪነሣ ቆመው ነበር። እጃቸውን አላውለበለቡም፤ ግን አልሄዱም።

መቀመጫችን ላይ ስንደላደል ደስ አለኝ። ድፍን ስምንት ዓመት የተሸከመችው ነገር ወርዶላት፣ ጽሑፌን የማሳርፍበት መጨረሻም አግኝቼ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነበር።

«አዳዳ፣ በቃ፣ አሁንማ ነፃ ነሽ» አልኳት።

ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

አልተቆጣችኝም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ከማሳው ማዶ፣ ከአዋሽ ማዶ፣ ሩቅ ሩቅ አየች። ዓይኗ እስኪያርፍ ጠበቅኳት። ከዚያ ተመልሳ ደብተሬን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ጻፊ» አለችኝ። «የእትዬ አስቴር ቂም፦ አልታየም።»